ለክረምቱ ያፈረስሁት ቤት

ለውድ ባለቤቴ ለየሻረግ፣ ካለሽበት፤

ከተለያየን ስምንት ወር አለፈ። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ነበር የሄድሽው፤ አሁን ሰኔ ተጋምሶ የምዕራቡ ሰማይ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይቀላል። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ወግ ነው፤ በአንቺና በእኔ መካከል ግን ይህ ወግ ከእንግዲህ የሚያገለግል አይደለም። ስለ እኔ ከሆነ እግሬ ይዞኛል፣ ዐይኔ ደክሟል፣ እህል እቀምሳለሁ። የምጽፍልሽ አንድ ነገር ስላደረግሁና ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ስለ ፈለግሁ ነው። ቤታችንን አፍርሼዋለሁ።

ለምን እንዳፈረስሁት በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ዕድሜውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የጨረሰ ሰው ነገሩን ከመነሻው ካልጀመረ መድረሻውን አያገኘውም። «አንቱ ውሃ ለመጠየቅም መግቢያ ያስፈልግዎታል» ትይኝ እንደ ነበር አልረሳሁም። ዛሬም ታገሺኝ።

ሚያዝያ እንደ ገባ የክረምቱን ዝግጅት ጀመርሁ። በዘመንሽ ይህን ሥራ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የማውቀው ተሠርቶ ማየትን ብቻ ኖሯል። ሰኔ ከገባ በኋላ የመረሬው ጥቁር ጭቃ መኪና እንደማያሳልፍ፣ ከሸሕዲ የሚመጣው ሁሉ እስከ መስቀል እንደሚቋረጥ አውቃለሁና ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባና የወባ ክኒን ገዝቼ አስቀመጥሁ። ማሽላውን ፀሐይ አስመትቼ፣ አንቺ እንደምታደርጊው በዐመድ አሽቼ ወደ ጎተራው መለስሁ። ከጎተራው ሥር የላላውን ድንጋይ አጠበቅሁ። በቤቱ ዙሪያ ያለውን ቦይ በገዛ እጄ ቆፈርሁት፤ ነገር ግን መውረጃውን ወደ ጎረቤታችን ወደ ሐዋ ግቢ አዙሬው ኖሮ፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታየኝ ቆይታ፣ ዓባይን ወደ እርሷ ማድ ቤት እንድመልስ ከመንግሥት ታዝዤ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። እንደ ገና ቆፈርሁት። አጎበርሽንም ሰፋሁት። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ አንቺ ብታዪው ፈትተሽ ታስጀምሪኝ ነበር።

የቀረው ጣራው ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም መጥቶ ቤት ሠሪ ሆኖ እዚሁ የቀረውን ደሴን ጠራሁት። ጣራው ላይ ወጥቶ፣ ሣሩን እየገለጠ አይቶ፣ ክዳኑ ይህን ክረምት ያልፋል ብሎኝ ወረደ። ደስ ብሎኝ የሚጠጣ ነገር ልሰጠው ስነሣ፣ እርሱ የመሐሉን ምሰሶ በመጥረቢያው ጀርባ መታው። ዝቅ ብሎ ደግሞ መታው። ከዚያ ቢላዋውን ሰካበትና ሲነቅለው ከግንዱ ውስጥ እርጥብ አፈር ፈሰሰ። ምስጥ ልቡን በልቶ ልጡን ብቻ ትቶልን ነበር።

«አባባ፣ ይህን ቤት ያቆመው ግንዱ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው» አለኝ።

ከደንቢያ ወርደን ይህን ቤት ስንሠራ የሆነውን ታስታውሻለሽ። የቆላው ሰው ዞቢ ቁረጡ ሲለን፣ ያን ጠማማ፣ ጥቁርና እንደ ብረት የሚከብድ እንጨት ለምሰሶ መምከሩን እንደ ቀልድ ቆጥረነው፣ ከደጋ የሚወርድ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ቀጥ ያለውንና ነጩን መረጥን። የደጋ ሰው ቁመና ያያል፤ ምስጥ ግን ቁመና አይቶ አይመገብም። አንቺ ቶሎ ገባሽና በየዓመቱ ግንቦት ሳይወጣ የምሰሶውን ሥር እየቆፈርሽ ትኩስ ዐመድ ትሞዪበት ነበር። ደሴ የቆፈርሽውን አይቶ፣ ይህ ዐመድ ባይሆን ኖሮ ይህ ቤት ገና ድሮ በወደቀ አለ። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ የኖርሁበትን ቤት አቁመሽው የኖርሽ አንቺ ነበርሽ።

አዲስ የዞቢ ምሰሶ ለማግኘት ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጫካ መግባት ያስፈልጋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዛሬ የለም፤ በአንድ ወገን ወታደሩ፣ በሌላው ወገን ሽፍታው አለ፤ ቀበሌውም ወንዙን የሚሻገር እንጨት ቆራጭ ለራሱ ይወቅ ብሎ አስነግሯል። ይህን ሁሉ ደሴ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ ፊቱን በግቢያችን ዳር ወዳለው ጎጆ መለሰ። የልጃችን ጎጆ ምሰሶ ዞቢ ነው። እርሱም መጥረቢያውን አንሥቶ፣ ሲወስኑ ይጥሩኝ ብሎ ሄደ።

የልጃችንን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ዘመኑ ስም የሚጻፍበት አይደለም፤ ደግሞም አንቺ ሌላ ወንድ ልጅ የለሽም። ጎጆውን ለሠርጉ ስንሠራለት ምሰሶውን የመረጥሽው አንቺ ነበርሽ። ተሸካሚዎቹ ከክብደቱ የተነሣ ሦስት ጊዜ አሳርፈውት፣ አንደኛው ላቡን እየጠረገ ሙሽራዪቱ ዝሆን ናት ወይ ብሎ ሲያጉረመርም፣ ሙሽራዪቱስ ቀጭን ናት፣ የምፈራው ምስጡን ነው ያልሽው ዛሬም ይነገራል። ያቺ ሙሽራ አልገባችበትም። ልጃችን ለውትድርና ተጠራ። ሰሊጡ ታጭዶ በቆመበት በኅዳር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጅራፍ ይዞ፣ በሬ እንደሚፈልግ ሰው ሆኖ ወደ ሱዳን ድንበር ወጣ። ሰው ያያልና ጉልበታችንን አልሳመም። እኔ አጥር የማጠብቅ መስዬ ቆሜ ነበር። አንቺ ግን በጎጆው በር ላይ ሣር እንደምትለቅም ጎንበስ ብለሽ፣ ቀና ሳትዪ እንዲህ አልሽው፦

«ከማዶ ሆነህ ሊመሽ ሲል ወደዚህ ተመልከት። ከጎጆህ ጢስ ካየህ ቤት አለህ ማለት ነው።»

ከድንበሩ ማዶ ካለው ከገላባት ኮረብታ ላይ የእኛ ሰፈር ጣራዎች እንደሚታዩ ሁሉም ያውቃል። አንቺም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በባዶው ጎጆ ውስጥ እሳት ማንደድ ጀመርሽ። ለሚጠይቅሽ ሁሉ መልስሽ አንድ ነበር፤ ጢስ ያልነካው የሣር ክዳን ክረምት አያልፍም፣ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይበላዋል ትያለሽ። እውነት ስለ ሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ኩበቱ ላይ እርጥብ ቅጠል ትጨምሪበት የነበረው ለሣሩ እንዳልሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ልጃችን ከሄደ በኋላ በመጣው ክረምት ሁሉ፣ ዝናም ሲወርድ ጆንያ ተከናንበሽ፣ ፍሕሙን በገል ይዘሽ በግቢው ጭቃ ስትሻገሪ በመስኮት አይሽ ነበር። በአጎበርሽ ሁላችንንም ከትንኝ ስትጠብቂ፣ ትንኝ በምትበዛበት ሰዓት ራስሽ ደጅ ነበርሽ። ይህን አሁን አሁን ነው የማስበው።

በመስከረም ወባ ሲያንቀጠቅጥሽ፣ ወደ ሸሕዲ ሐኪም ቤት ልንወስድሽ ከሰሊጥ እርሻው የለመንነው ትራክተር ከሰፈራችን ሳይርቅ መረሬው ውስጥ ሰጠመ። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው መለሱሽ። አልጋሽ ላይ ስናስተኛሽ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። ውሃ አልጠየቅሽም፤ ካህን አልጠየቅሽም። «ጢሱ ወጣ?» አልሽኝ። በሕይወቴ እሳት አንድጄ የማላውቅ ሰው ሮጬ ሄድሁ፤ እፍ እያልሁ ዐይኔ እስኪጠፋ ድረስ ታገልሁ፤ ተመልሼ ወጥቷል አልሁሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው መለስሽ። ከዚያ በኋላ ቃል አልሰማሁም።

ከቀብርሽ ማግስት ጀምሮ ጢሱን አላቋረጥሁም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚቀመጡት እኩዮቼ ጸሐፊው በስተርጅናቸው ማድ ቤት ተቀጠሩ ብለው ሳቁብኝ። ከመካከላቸው አንደኛው «በስተርጅና» የሚለውን ቃል አበላሽቶ ቢናገረውም፣ ያገኘሁትን ስሕተት ሁሉ የማርም እኔ አላረምሁትም፤ ከዚህ ላይ ኀዘኔን ተረጂልኝ። በጥር ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር መጣ። በጎጆው ማን ይኖራል ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልሁት፤ ስለ ሣሩም አንቺ የምትዪውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርሁት። ገብቶ ምድጃውን፣ የተጠቀለለውን ቁርበት፣ ባዶውን መደብ አየ። የእርሱ የበኵር ልጅ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ መቆየቱን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሲወጣ ወደ ጣራው ቀና ብሎ ብዙ ቆመ።

«በእኔም ግቢ ጢስ የሚፈልግ ሣር አለ፣ አባባ» አለኝ። ዳግመኛ ሊጠይቀኝ አልመጣም።

እንግዲህ ደሴ ምሰሶውን መትቶ የሄደ ሰሞን ሴት ልጃችን አስናቀች ከምትኖርበት ከኮኪት ዘር በጫነ መኪና ተሳፍራ መጣች። ምሰሶውን አሳየኋት። እርሷም እንደ ደሴ ወዲያው ወደ ጎጆው ተመለከተች። ዞቢውን አውጥተን ትልቁን ቤት እናቁምበት፣ ወንድሜ ሲመለስ ሌላ ጎጆ እንሠራለታለን አለችኝ። ዛሬ አይሆንም ብላት ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ የጢሱን ነገር ከአንቺ ጋር ለማንም ላንናገር ስለ ተማማልን ደግሜ አይሆንም አልኋት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

«አባዬ፣ የእናቴ ሙት ዓመት ሳይወጣ ቤቷ ሊወድቅ ነው? ሰው የት ገብቶ ያለቅሳታል?»

እውነቷን ነው። የሟች ቤት ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ድረስ አይነካም፤ ቤተ ዘመዱ መጥቶ ተቀምጦበት፣ አልጋዋ እዚህ ነበር፣ እዚህ ትቀመጥ ነበር ተብሎ ይለቀስበታል። የአንቺ መስከረም ላይ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ከፊቱ ቆሟል። አንድ ጤነኛ ምሰሶ፣ ሁለት ቤት። አንዱ የሞትሽበት፣ አንዱ የጠበቅሽበት። በፍርድ ቤት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ክርክር ጽፌ አላውቅም፤ ሁለቱም ወገን እውነተኛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐዋ «ሃቡብ» የምትለው የአቧራ ማዕበል መጣ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ድንገት ቆመ፣ ዶሮዎቹ ወደ ቤት ገቡ፤ ከሱዳን በኩል ቀይ ግድግዳ የመሰለ አቧራ ሰማይና ምድሩን ይዞ ተነሣ። በሩን መዝጋት እንኳ በወጉ አልጨረስንም። ቤቱ አቃሰተ። ጣራው ከፍ ብሎ ሲወርድ በየጊዜው ከምሰሶው ስንጥቅ አፈር ይዘንም ጀመር። አስናቀች ሮጣ ሄዳ ምሰሶውን በሁለት እጇ ዐቀፈችው። ውጪ ብላት፣ ብጎትታት እንቢ አለች፤ ጉንጯን ግንዱ ላይ አጣብቃ «እማዬ፣ እማዬ» ትላለች። ዝናሙ እስኪተካ ድረስ እንደዚያ ቆየች። ነፋሱ ሲያልፍ ጣራችን ወደ አንድ ወገን ተቀምጦ ነበር። ደጅ ወጥተን ጎጆውን አየነው፤ አንድ ሣር አልተነቀለበትም።

ሰዓቱ ሲደርስ ፍሕም ይዤ ሄድሁ። ሐዋ ያን ቀን ከገላባት ገበያ ተመልሳ፣ ከነፋሱ ተርፈን እንደ ሆነ ልታይ መጣች። ከጎጆው በር ላይ ቆማ የማይጠበቅ ነገር ተናገረች።

«ልጅዎን አላየሁትም፤ ወላሂ አልዋሽዎትም። ግን በገላባት ሻይ ቤት በረንዳ የሚቀመጡት፣ ከዚህ የተሻገሩት የእኛ ልጆች ሊመሽ ሲል ሁሉም ፊታቸው ወዲህ ነው። ደመና ሆኖ ምንም ባይታይም ወዲህ ነው የሚያዩት።»

አንቺ እንዳልነገርሻት አውቃለሁ። ልጆች አሏት፤ እናት ናት፤ በራሷ ደርሳበታለች።

አስናቀች ከኋላዬ ነበረች። ሐዋ ስትሄድ፣ ልጆቹ ወደዚህ የሚያዩት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። መሐላችንን ያን ጊዜ አፈረስሁት፤ በበሩ ላይ ጎንበስ ብለሽ ያልሽውን ቃል ነገርኋት። ይህን ጎጆ ነቅለን ትልቁን ቤት ብናቆም ወንድምሽ ከማዶ ሆኖ የሚያየው ባዶ ቦታ ነው፤ ያን ባዶ ቦታ እንዴት እንደሚያነበው አስቢው አልኋት። እርሱ የእናቱን ሞት አልሰማም። ጢሱን እያየ እናቴ አለች ይላል።

ልጅሽ ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን ጨመረችበት፤ አጨማመሯ የአንቺ ነው።

«እንግዲያውስ የእናቴን ሣር ለእርሱ አልብሱለት» አለችኝ።

ደሴን ጠራነው። ሊያፈርሱ የመጡት ጎረቤቶች መጀመሪያ ዕቃውን በዝምታ አወጡ፤ የመጀመሪያው የሣር እስር ከጣራው ሲወርድ ግን ሴቶቹ ሬሳ እንደ ወጣ ቆጥረው አለቀሱ። ሙት ዓመት ሳይደርስ ቤት ማፍረስ ነውር ነው ያሉም ነበሩ፤ ፊት ለፊቴ ነው ያሉት። የላይኛው ሣር ግራጫ ሆኖ ተሰባብሯል፤ የውስጠኛው ግን በዕድሜ ልክ እሳትሽ ጢስ ጠቁሮ፣ ዘይት እንደ ጠጣ ቆዳ ያበራ ነበር። ደሴ እንዲህ ያለ ሣር ውሃ እንደማያስገባ ነግሮን ከልጃችን ክዳን ላይ ደርቦ አለበሰው። ከአሮጌው ቤት የወጣውን የሽመል ማገር በጎጆው ዙሪያ ጨምሮ አጠናከረው። የአሮጌውን ቤት ምሰሶ ሊነቅሉት ሲገፉት ከመሐሉ ለሁለት ተሰበረ፤ በውስጡ ከምስጥ ቤት በቀር ምንም አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሳይ ጸንቼ ቆሜ ነበር። ያልጸናሁት በሌላ ነገር ነው። በአልጋሽ ራስጌ፣ ስትነሺ እጅሽን የምትደግፊበት የግድግዳው ቦታ እንደ ተወለወለ ሸክላ ለስልሶ ነበር። ግድግዳ ተነቅሎ አይወሰድም። ጣራ ከሌለው በኋላ የወረደው ዝናም ሁሉ ጭቃውን ያሟሟዋል፤ እኔም በየዝናሙ ማግስት ሄጄ አየዋለሁ። ሌላው ሁሉ ሲወርድ ያ የእጅሽ ቦታ ብዙ ቆየ። ከትናንት ወዲያ ሄድሁ፤ እርሱም የለም። አፈሩን በእጄ ነካሁት፤ እንደ ማንኛውም አፈር ነበር።

አሁን የምኖረው በልጃችን ጎጆ ነው። አልጋዬን በግራ በኩል ዘርግቼ መደቡን ለእርሱ ትቼለታለሁ፤ ቁርበቱ እንደ ተጠቀለለ ነው። ማሽላው አልረጠበም። ቦዩ ውሃውን ወደ ወንዙ ይወስደዋል፤ ሐዋም አልከሰሰችኝም። አስናቀች መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ኮኪት ተመልሳለች፤ መስከረም ላይ ትመጣለች። ያን ጊዜ በቀድሞው ቤታችን ወለል ላይ ዳስ ጥለን፣ አልጋሽ የነበረበትን እያሳየን እናለቅስሻለን። ምስክር ግድግዳ ባይኖርም የቆምሽበትን ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አሳየዋለሁ።

እርሱ ይመጣ እንደ ሆነ አላውቅም። በሕይወት መኖሩንም አላውቅም። አንቺ ካለሽበት ሆነሽ እርሱን አግኝተሽው ከሆነ የምደክመው በከንቱ ነው፤ ይህን የሚነግረኝ ግን የለም፤ ስለዚህ እንዳልተገናኛችሁ ቆጥሬ እኖራለሁ። ለአባት ከዚህ የከበደ ምኞት አልተጻፈለትም፤ ልጁ ከሚወዳት እናቱ ርቆ እንዲቆይ መመኘት።

ብዙ ጻፍሁ። ደመናው ከገላባት በላይ ቆሟል፤ ሳይወርድብኝ ልነሣ። ጆንያሽ በቀድሞው ቤት በር ጀርባ አንቺ ከሰቀልሽበት ችንካር ወርዶ እዚህ ተሰቅሏል። እርሱን ተከናንቤ ኩበት አመጣለሁ፤ እርጥብ ቅጠል እጨምርበታለሁ፤ በጣራሽ ሣር መካከል ሾልኮ መውጣቱን ደጅ ቆሜ አያለሁ። ከዚያም እንደ ሌሎቹ ምሽቶች ሁሉ ፊቴን ወደ ተቀበርሽበት አዙሬ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ እሰጥሻለሁ።

ወጥቷል፣ የሻረግ።